የግድግዳው ምስክር

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ፤
ምላስም እንዳለው አሜድ ደርሼ አየሁ።

በባሊ ምሥራቅ ዳር አሸዋው ከሰል ነው፣ ጨዉ ደግሞ በረዶ፣
በተቦረቦረ የዘንባባ ግንድ ፀሐይ ላይ ተማግዶ።
በዚያ መንደር ጥግ ናት የሱከርቲ ቤት፣
አራት ክፍል፣ አንድ ጓሮ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለበት።

በመጀመሪያው ማታ፣ መብራት ሳበራ፣ ሦስት ሆነው ወጡ፤
በአምፖሉ ዙሪያ፣ ጣሪያው ላይ፣ እንደ ሽማግሌ ተቀመጡ።
ጮኽኩ፤ ሰው ይስማኝ እንጂ ሰው አይወቅብኝ ብዬ፣
ፎጣ ይዤ፣ ወንበር ላይ፣ በአንድ እግር ተሰቅዬ።

ሱከርቲ መጣች፣ ሳቋን በመዳፏ ይዛ፤
«ቺቻክ ናት፤ ኪራይዋን በትንኝ ትከፍላለች፣ ሳታስቀር፣ ሳታበዛ።
ደግሞም...» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ፣
«እውነት ከተናገርክ ‹ቼክ፣ ቼክ› ትልልሃለች፤ ማኅተም ናት ያለ ዋጋ።»

እኔ የመድን ሰው ነኝ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ
የተገለበጠ መኪና፣ የጠፋ ዕቃ ሲያስረዱኝ፣ ሲምሉ፣
ዓይኔን ከዓይናቸው ሳልነቅል «ማስረጃ!» ስል የኖርኩ፤
ተራዬ ደርሶ፣ ጣት በማታክል እንስሳ ፊት ቆምኩ።

«እንሽላሊት አልፈራም» አልኩ። ዝም።
«ፎጣውን ያነሣሁት ላብ ልጠርግ ነው።» ዝም።
«እሺ፣ ትንሽ ፈርቻለሁ።»
ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ። አፍታም አልቆየችም።

ጠዋት ጠዋት ሱከርቲ በመዳፍ ልክ የተሰፋች የቅጠል ሳህን
ደጃፌ ላይ ታኖራለች፤ አበባ፣ ጥቂት ሩዝ፣ ብስኩት፣ የዕለቱን።
ሌላዋ፣ የቀኗ እንሽላሊት፣ ጀርባዋ የተወለወለ መዳብ፣
ከድንጋዩ ሥር ትወጣለች፣ እንደ ተጠራ የቅርብ ቤተሰብ።
«ለአምላክ የተሰጠ አይደል?» ብዬ ላባርራት ብነሣ፣
«ተዋት፤ እሱ መዓዛውን ወስዷል፤ ፍርፋሪውን ማን ያንሣ?»

ከዚያ ወዲያ ፓፓያዬን በልቼ ጠርዙን እተዋለሁ፤
ጅራቷ የተቆረጠ እንግዳ አለችኝ፤ እጠብቃታለሁ።
አንድ ቀን እግሬ ጣት ላይ ወጣች። ቀዝቃዛ ሆድ።
ትንፋሼን ዋጥኩ፣ እንዳትሄድ።

ማታ ደግሞ ባሏ ሱዳርማ፣ ከባሕር ተመልሶ፣ እጁን ዘርግቶ፣
«ይህን ያህል ዓሣ አመለጠኝ!» ሲል ሁላችን አንጋጠጥን። ጣሪያው ዝም። ጥቂት ቆይቶ
እጁን አጠበበ። ዝም። አሁንም አጠበበ፣
ስንዝር ሲቀረው «ቼክ!» አለች፤ ሱዳርማ ራሱ ሳቀ፣ ሳቃችን ተደራረበ።

በመጨረሻው ሌሊት፣ ሻንጣዬን ዘግቼ፣ ብቻዬን ተጋድሜ፣
አንድ ባለ ሱቅ መጣብኝ፣ ፋይሉን «ውድቅ» ያልኩበት በቀይ ቀለሜ።
እሳት ተነሥቶ ጨርቁ፣ መደርደሪያው፣ ሁሉም ነደደ ብሎ ሲያስረዳ
ድምፁ ስላልተንቀጠቀጠ ጠረጠርኩት፤ ያ ነበር የሰውየው ዕዳ።

«ያ ሰው እውነቱን ነበር» አልኩ ለግድግዳው፣ ቀስ ብዬ።
ዝም።
ደገምኩት። ዝም። ስልኬን አብርቼ ፈለግኳት፣ «ካደችኝ?» ብዬ።

ከበሩ በላይ ነበረች፣ አፏ እስከ ጥግ ሞልቶ፣
የእሳት እራት ይዛ፣ ክንፉ ከግራና ቀኝ ወጥቶ።
የእሳት እራት! ስሙን ስጠራው ሱቁ ታየኝ እንደገና፤
እሳት እራቱን በልቶ ነበር፤ «አልበላም» ያልኩ እኔ ነኝ፣ በፊርማ፣ በዝምታ፣ በጽሞና።

ዋጠች። ጉሮሮዋ ተነሣ፣ ወረደ። አየችኝ፤ አየኋት።
ገና አፏን ሳትከፍት ብርሃኑን አጠፋሁባት።

በጨለማው ውስጥ ምላስ ሦስቴ ሲመታ ሰማሁ፤
የሷ መስሎኝ ነበር፤ ላንቃዬ ሲደርቅ የኔ መሆኑን አወቅሁ።